ፓውደር ኮት የተደረገ የእርሳስ አረርና ሳይለንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ሜዳ የምንገናኝ ጥቂት ሐበሾች አለን። ቡናው ከተጠጣ በኋላ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጥይት ላይ ያርፋል። በተለይ እርሳስ አቅልጠው የራሳቸውን አረር የሚሠሩት ልጆች፣ ሳይለንሰር (አፈሙዙ ላይ የሚገጠመው፣ የተኩስ ድምፅ የሚቀንሰው ቱቦ) የገዙ ዕለት ሁሉም አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፦ "ይኼን በዚያ ውስጥ ብተኩስ አበላሸዋለሁ?" ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

ከመጀመራችን በፊት በቃላት እንግባባ። ጥይት ስል ሙሉውን ነው። ቀለህ ባዶው ናስ ነው። አረር ደግሞ ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው ነው። የማወራው አሜሪካ ውስጥ በሕግ ተመዝግቦ ስለተያዘ ዕቃ ብቻ ነው።

ፓውደር ኮት ምንድን ነው?

አዲስ አበባ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ያሠራ ሰው ያውቀዋል። እንደ በርበሬ የላመ ደረቅ ቀለም ነው። በኤሌክትሪክ ቻርጅ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ቀልጦ አንድ ወጥ ሽፋን ይሆናል። አረር ላይ የሚደረገውም ያው ነው። ብዙው ሰው ግን የመርጫ ማሽን የለውም። አረሩንና ዱቄቱን ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትቶ እንደ ቅል ይንጠዋል። መናጡ ራሱ ዱቄቱን ቻርጅ ያደርገውና ይጣበቃል። ከዚያ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ንጹሕ እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ስለሆነ አረሩ ቅርጹን አይለቅም።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰም ነበር፤ የንብ ሰም ከሌላ ቅባት ጋር ተደባልቆ። ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ። የሰም ሥራ ማለስለስ ነው። የፓውደር ኮት ሥራ ግን መለየት ነው፤ ሽፋኑ ካልተበሳ እርሳሱና የጠመንጃው ቧንቧ አይነካኩም።

ታዲያ ሳይለንሰር ውስጥ ይተኮሳል ወይስ አይተኮስም?

ይተኮሳል። አረሩ ቀጥ ብሎ እስከበረረ ድረስ። ሰው ሁሉ የሚፈራው እርሳሱን ነው። እኔ ግን እስካሁን ያየኋቸው የተበላሹ ሳይለንሰሮች በእርሳስ ታፍነው አልሞቱም፤ በጠማማ አረር ተመትተው ነው። እርሳሱ የሚያሳስበው ለዕቃው ሳይሆን ለእናንተ ነው። ሁለቱንም ወደታች እመጣባቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ፦ ከሳይለንሰሩ ጋር የመጣችውን መመሪያ አንብቡ። አንዳንድ ፋብሪካ የእርሳስ አረር አትተኩሱበት ብሎ ይጽፋል። ጽፎ ከሆነ ዋስትናው ላይ ከኔ ይልቅ እሱ ነው የሚፈርደው።

እርሳሱ ውስጡ አይጋገርም?

ትንሽ ይጋገራል። ለምን እንደሆነ ለማየት ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ሂራም ፐርሲ ማክሲም በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ፓተንት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሐሳቡ ብዙም አልተለወጠም (አባቱ የማክሲም መትረየስን የሠራው ሰውዬ ነው፤ አባት ጩኸቱን አመጣ፣ ልጅ ዝም አሰኘው)። በአንድ ቱቦ ውስጥ ባፍል የሚባሉ፣ መሐላቸው የተበሳ ከፋፋዮች ይደረደራሉ። አረሩ በቀዳዳው ያልፋል። ከኋላው የሚከተለው ትኩስ ጋዝ ግን በየክፍሉ እየተያዘ ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ጋዙ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል፦ ጥላሸት፣ ያልተቃጠለ ባሩድ፣ እርሳስ።

እርሳሱ ከየት ይመጣል? በብዛት ከአረሩ መቀመጫ። የባሩዱ እሳት ያንን ጀርባ በቀጥታ ይልሰዋል። ሰም የተቀባ አረር ጎኑ እንጂ መቀመጫው አይሸፈንም። ፓውደር ኮት ግን ተንጦ ሲሠራ መቀመጫውንም ይለብሳል። ለዚህ ነው በአግባቡ የተሸፈነ አረር ከሰሙ ይልቅ ንጹሕ የሆነው። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሱቅ የሚሸጠው የመዳብ ልብስ ያለው ተራ ጥይት፣ ኤፍኤምጄ የምንለው፣ አብዛኛው መቀመጫው ክፍት ነው። እርሳሱ ለእሳቱ ይታያል። "እኔ የፋብሪካ ጥይት ብቻ ነው የምተኩሰው፣ እርሳስ አይነካኝም" የሚል ሰው ተሳስቷል።

መጠኑን ለማየት 22 ከሚባለው ትንሽ ጥይት ጋር አስተያዩት። የ22 ጥይት አረር ልብስ የሌለው ወይም ስስ ሽፋን ያለው እርሳስ ነው። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነም የተጋገረውን ጠርጎ አያወጣም። የ22 ሳይለንሰሮች ተፈትተው እንዲታጠቡ ተደርገው የሚሠሩት ለዚህ ነው። የትልቅ ጠመንጃ ሳይለንሰር ግን ብዙ ጊዜ ተበይዶ የታሸገ ነው። ከፍተኛው ግፊት ራሱ ያጸዳዋል ተብሎ ይታሰባል። ችግሩ፣ እናንተ ዝግተኛ (ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ) ጥይት ብቻ የምትተኩሱበት ከሆነ ያ ግፊት የለም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሳይለንሰር ገና ልትገዙ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ የሚፈታውን ግዙ።

ሰም የተቀባውን ብተኩስስ?

ይሠራል፤ ግን ታለቅሳላችሁ። ሰሙ ይተንና እንደ ጭስ ይወጣል። የቀረው ከጥላሸት ጋር ተለውሶ ውስጡን እንደ ምጣድ ዳር ጥቁር ቅባት ያደርገዋል።

ሽፋኑ ሳይለንሰሩ ውስጥ ተልጦ ቢቀርስ?

በደንብ ከተጋገረ አይላጥም። ካልተጋገረ ይላጣል። መለየቱ ቀላል ነው፣ ለዚያውም ሳይተኮስ። ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሦስት አረር አውጡና መሥዋዕት አድርጓቸው።

አንዱን ድንጋይ ወይም ብረት ላይ አስቀምጡና በመዶሻ ጠፍጥፉት። እርሳሱ እንደ ሳንቲም ሲዘረጋ ቀለሙ አብሮ መዘርጋት አለበት። ዳር ዳሩ ቢሰነጠቅ ግድ የለም። እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተፈረፈረ ከወደቀ ግን አልበሰለም ወይም አረሩ ላይ ቅባት ነበረበት። ሁለተኛውን በአሴቶን በተነከረ ጨርቅ እሹት፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ምድጃችሁ ዋሽቷችኋል። የትንንሽ ምድጃዎች ቁልፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ ቴርሞሜትር አስገቡ። የእኔ 200 ሲል 175 ነበር። ይህን እስካውቅ ሁለት ወር ቀለም ስፈረፍር ኖሬያለሁ።

ሌላው የሚረሳ ነገር ቀለሁ ነው። የቀለሁ አፍ ስለታም ከሆነ አረሩ ሲገባ ሽፋኑን እንደ ብርቱካን ይልጠዋል። አፉ በትንሹ ከፈት መደረግ አለበት። ከገባ በኋላም አጥብቆ መቆንጠጥ ሽፋኑን ዙሪያውን ይቆርጠዋል። አንድ ጥይት መልሳችሁ ንቀሉና አረሩን በመብራት እዩት። ብርማ መስመር ካያችሁ እዚያ ጋ እርሳሱ ራቁቱን ነው።

ሽፋኑ አረሩን ያወፍረዋል። ባፍሉን አይነካም?

ውፍረቱ አይደለም የሚያሰጋው። ሽፋኑ አጠቃላይ ውፍረቱን በኢንች ሺኛ ሁለት ሦስት ቢጨምር ነው፤ ያንንም ሳይዘር በሚባለው ቀለበት አሳልፋችሁ ወደ ልኩ ትመልሱታላችሁ። ለ30 ካሊበር (ቧንቧው 0.30 ኢንች ለሆነው) ብዙዎቻችን 0.309 ኢንች እናደርገዋለን። የሳይለንሰሩ ቀዳዳ ደግሞ ከአረሩ በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ አረር ባፍል አይነካም።

የሚነካው የሚወላገደው ነው። ቧንቧው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉ። አረሩ ነክሷቸው እየተሽከረከረ ነው የሚወጣው፤ ሽክርክሪቱም ነው ቀጥ አድርጎ የሚያስኬደው፣ ልክ እንደ እንዝርት። አረሩ ከቧንቧው ከጠበበ ቦዩን በደንብ አይነክስም። እርሳሱ ለፍጥነቱ በጣም ለስላሳ ከሆነ ቦዩ ይልጠዋል እንጂ አያሽከረክረውም። ንጹሕ እርሳስ በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ 5 ገደማ ነው። ጎሚስታ ጎማ ባላንስ ሲያደርግ ሪሙ ላይ የሚመታት እርሳስ፣ የድሮዋ፣ አንቲሞኒ ስላለባት 12 አካባቢ ትደርሳለች። (የዛሬዎቹ ብዙዎቹ ዚንክ ወይም ብረት ናቸው። ዚንክ ድስቱ ውስጥ ከገባ ሥራው አበቃ።) ፓውደር ኮት ለስላሳውን አረር ትንሽ ይደግፈዋል፤ ከናካቴው አያጠነክረውም።

ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው። አዲስ አረር፣ አዲስ ባሩድ ወይም አዲስ ጠመንጃ ሲሆን ሳይለንሰሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ ያለሱ፣ 25 ያርድ ላይ ነጭ ወረቀት ሰቅዬ አሥር ጥይት እተኩሳለሁ። ከዚያ ሄጄ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ክብ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ቀለበት ካለው ጥሩ ነው። ሞላላ ከሆነ አረሩ እየተወላገደ ነው የደረሰው። የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለ፣ በጎኑ የገባ አንድ እንኳ ካለ ያ ጥይት ሳይለንሰር አጠገብ አይደርስም። አሥሩም ክብ ከሆኑ 50 ያርድ ላይ እደግመዋለሁ። አንድ ወዳጃችን ይህን "ጊዜ ማባከን" ሲለው ኖሮ በሦስተኛው ጥይት የሳይለንሰሩን የፊት ክዳን ወጋው። አሁን ወረቀቱን ከኔ ቀድሞ የሚሰቅለው እሱ ነው።

የሚያስጠረጥር ነገር ከሌለም ቢሆን ሳይለንሰሩ ከቧንቧው ጋር መስመር መያዙን አረጋግጡ። ለዚህ የተሠራ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይሸጣል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግማችሁ ካያችሁ በኋላ ዘንጉን አስገቡና ከፊት ተመልከቱ። መሐል ላይ ካልቆመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሳይለንሰሩ በሚጠመዘዝበት የቧንቧው ጥርስ ላይ ነው። ጥሩ የጠመንጃ ባለሙያ ይየው።

ጋዝ ቼክ ልጠቀም?

ጋዝ ቼክ የአረሩ መቀመጫ ላይ የምትገባ ትንሽ የመዳብ ጫማ ናት። ጨምድዳ ከያዘች ጥሩ ናት፤ መቀመጫውን ከእሳቱ ትከልላለች። ከላላች ግን አየር ላይ ትወልቅና ባፍል ላይ ትሄዳለች። በጥፍራችሁ ሞክሩ። ከተነቃነቀች አትተኩሷት። ለዝግተኛ ጥይት በደንብ የተሸፈነ አረር ከሆነ እኔን ጭራሽ አታስፈልገኝም።

ከድምፅ በታች ለሚሄድ ጥይት ይሆናል?

የዚህ ነገር ትክክለኛ ቦታው እዚያ ነው ባይ ነኝ። ሳይለንሰር የባሩዱን ጩኸት እንጂ አረሩ አየር ሲሰነጥቅ የሚያወጣውን ጅራፍ አይነካም። ጅራፉን ለማጥፋት አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በታች መሆን አለበት። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፣ ማለትም 1125 ጫማ። በዜሮ ዲግሪ ግን 331 ሜትር ነው። በሐምሌ ዝም ያለ ጥይት በጥር ጠዋት ጧ ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ሰው 1050 ጫማ አካባቢ የሚያቆመው። በዚህ ፍጥነት ፓውደር ኮት ምንም አይጨነቅም፤ ርካሽም ነው። በሁለት እጥፍ ፍጥነት ሲሆን ነው የእርሳሱ ጥንካሬና የሽፋኑ ጥራት የሚፈተነው።

ከባድ አረር በዝግታ ሲሄድ ግን ሽክርክሪት ይጠይቃል። በ2011 መመዘኛ የወጣለት 300 ብላክአውት የተባለው የጥይት ዓይነት የሚመችበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ቧንቧው ብዙ ጊዜ በ7 ወይም በ8 ኢንች አንድ ዙር ያዞራል፣ 220 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) አረርን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። በ12 ኢንች አንዴ የሚያዞር የቆየ የ308 ጥይት ጠመንጃ ያንኑ አረር በዝግታ ብትሰጡት ሊወላገድ ይችላል። እንደገና ወረቀቱ!

ዝግተኛ ቢሆንም የጆሮ መከላከያ አትጣሉ። ተራ ጠመንጃ 160 ዴሲቤልን ያልፋል። ሳይለንሰር ከዚያ ላይ 20፣ 30 ቢቀንስ ነው።

እንዴት ነው የማጸዳው?

መጀመሪያ ማጽዳት ያስፈልገው እንደሆነ ሚዛን ይንገራችሁ። አዲሱን ዕቃ በግራም ሚዛን መዝኑና ቁጥሩን ሳጥኑ ላይ ጻፉ። በየጥቂት መቶ ጥይቱ መዝኑት። የጨመረው ክብደት የተጋገረው ቆሻሻ ነው። (የቡና ሚዛኑን ከወጥ ቤት እንዳትወስዱ፣ ሌላ ግዙ።)

የሚፈታ ከሆነ ፈትታችሁ በፈሳሽ ማጽጃ ዘፍዝፉና በብሩሽ አርጥባችሁ ፈግፍጉ። በደረቁ መፋቅ እርሳስን አቧራ ያደርገዋል፣ አቧራው ሳንባ ይገባል። የታሸገ ከሆነ መመሪያው የፈቀደውን ብቻ አድርጉ። ባፍሎቹ አሉሚኒየም ከሆኑ አሲድም ሆነ ጠንካራ አልካላይ ይበላቸዋል።

ኮምጣጤና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ደባልቆ የመዘፍዘፍ ዘዴ ሰምታችሁ ይሆናል። እርሳሱን ያሟሟል፣ እውነት ነው። የሚወጣው ፈሳሽ ግን ሊድ አሲቴት ነው፤ ከብረቱ እርሳስ ይልቅ በቀላሉ ሰውነት ውስጥ የሚገባ መርዝ። ቤታችሁ ልጅ፣ ውሻ ወይም የውሃ ማፍሰሻ ካለ ተዉት። ያው ሁላችንም አለን።

ለጤናዬስ?

ይህ ጥያቄ የመጨረሻ ሆኖ መምጣቱ ሁሌ ይገርመኛል። ሳይለንሰር ጋዙን አፍኖ ሲይዝ የተወሰነው ወደኋላ ይመለሳል። በራሱ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ ያ ጋዝ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። ዓይናችሁ ሲቆጠቁጥ የገባው ጭስ ብቻ አይደለም። ጥይቱ ሲፈነዳ የሚቃጠለው ፕራይመር ራሱ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት። ስለዚህ የተሸፈነ አረር እርሳሱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። በጠባብ ቤት ውስጥ ከመተኮስ ሜዳ ላይ መተኮስ ይሻላል፤ ነፋሱን ከጎን አድርጉት።

እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። ከተኩስ ሜዳ በቀጥታ ምግብ ቤት ገብተን፣ እጃችንን በሳኒታይዘር ነካ ነካ አድርገን እንጀራ እንቆርሳለን። ጉርሻም እንሰጣጣለን! ሳኒታይዘር ጀርም ይገድል ይሆናል፣ እርሳስ አያነሳም። ሳሙናና ውሃ፣ እስከ ክንድ። ፊትም። የተተኮሰበት ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ጫማው በረንዳ ላይ ይቅር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2021 ለልጆች ደም ያወጣው ማመሳከሪያ በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ነው። ለልጅ ምንም ችግር የለውም የሚባል መጠን የለም።

ምድጃውም እንደዚያው። ፓውደር ኮት የተጋገረበት ምድጃ ዳቦ አይጋገርበትም። ያገለገለ ትንሽ ምድጃ ገዝታችሁ ጋራዥ አስቀምጡና "ለምግብ አይሆንም" ብላችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉበት። እማማ ለጉብኝት ሲመጡ ድፎ እንዳይደፉበት። እርሳስ የምታቀልጡ ከሆነ በየዓመቱ ሐኪማችሁን የእርሳስ የደም ምርመራ ጠይቁት።

ሕጉስ?

የፌዴራሉ ሕግ የ1934 ነው። ለዘጠኝ አስርት ዓመታት 200 ዶላር ታክስ ይከፈል ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ታክሱ ዜሮ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ነጻ ሆነ ብሎ ያስባል። አልሆነም። ምዝገባው፣ አሻራው፣ ፎቶው፣ የኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ፈቃዱ እንዳለ ነው። 42 ስቴቶች ይፈቅዳሉ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይፈቅዳሉ፣ ዲሲ አይፈቅድም። ከአርሊንግተን ተነስታችሁ መኪናው ውስጥ እንዳለ ረስታችሁ ድልድዩን ብትሻገሩ ከባድ ጣጣ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መያዝ ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን በአብዛኛው መሣሪያ መያዝ ራሱ ክልክል ነው። ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ ሰው ከጠመንጃ ሻጩ ይልቅ ጠበቃውን ይጠይቅ። የተመታ ባፍልንም ጋራዥ ውስጥ አትቀጥቅጡ። ጥገናው የፋብሪካው ወይም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

ለክረምት ወደ አገር ቤት ስሄድ ይዤው ብሄድስ?

አይሞከርም። ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ ማስወጣቱ ብቻውን ወንጀል ነው፣ ገና ቦሌ ሳትደርሱ።

ቀለሙ ለውጥ አለው?

አንዳንዱ ቀለም ከሌላው በተሻለ ይለጠፋል፤ በየሰዉ ዱቄትና በየአየሩ ይለያያል፣ ሞክራችሁ ነው። ቀለም ለእኔ የሚጠቅመኝ ለመለየት ነው። 300 ብላክአውት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ከተተኮሰ ጠመንጃውን ይበትነዋል። ስለዚህ የእኔ ዝግተኛ 300ዎች ሁሉ ሰማያዊ ናቸው፣ ሌላ ምንም ነገር ሰማያዊ አላደርግም። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አድርጎ የሚሠራ ልጅ አለ። ሳጥኑ ሲከፈት ያምራል፤ ምኑ ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።